ጣቶቼ የማያውቁት ማሽን

ጂቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ። የጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፤ ማመልከቻ በአማርኛም በፈረንሳይኛም እጽፋለሁ፤ ሰርግ የደገሰ ጥሪ ካርድ፣ ሰው የሞተበት ደግሞ ለለቅሶ ቤት የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ያሠራኛል። አባቴ በባቡሩ ዘመን ከኢትዮጵያ መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ነበር፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ጸጉሬ ሸበተ። ሥራዬን ማንም አላስተማረኝም። ዓመት ሙሉ እየነካካሁ ለመድኩት፣ ከዚያ በኋላ ጣቶቼ እኔን ሳይጠይቁ ይሠሩ ጀመር።

ኮምፒውተሬ፣ እኛ እዚህ ኦርዲናተር የምንለው፣ ሲያረጅ ግን ነገር ተበላሸ። ጠዋት ሲነሳ እንደ እኔው ነው፤ እስኪነቃ ድረስ አያናግሩትም። ከደንበኛ ፍላሽ ጋር የሚገባው ቫይረስ አንዱን ፎልደር ሲደብቅብኝ ሌላውን ያባዛብኛል። በላዩ ላይ ደግሞ የለመድኩት ዊንዶውስ ጊዜው እንዳለፈበት በየቀኑ የሚያስታውስ ጽሑፍ መምጣት ጀመረ። አዲሱን ልጫን ብል ይህ አሮጌ ማሽን አይሸከመውም።

ይህን ሁሉ ስማረር የሚሰማኝ ጎረቤቴ ነበር። ጂቡቲያዊ ሶማሌ ነው፤ ተማሪ ቤት ኮምፒውተር ያስተምራል። ልጅነቱን ድሬዳዋ አክስቱ ቤት ስላሳለፈ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ደግሞ አንቱታ አያውቅም፤ በዕድሜ ብዙ ብበልጠውም «አንቺ» ነው የሚለኝ።

«አቦ፣ ምን ያስጨንቅሻል?» አለኝ አንድ ቀን። «ሊኑክስ እጭንልሻለሁ። ነጻ ነው፣ ለአሮጌ ማሽን ቀላል ነው፣ ይሄ የፍላሽ ቫይረስሽም አይነካውም።»

«በነጻ የመጣ ነገር መጨረሻው አያምርም» አልኩት።

«አየሩስ በነጻ አይደለም እንዴ?»

«የጂቡቲን የሐምሌ አየር ነው በነጻ መጣ የምትለው? በላባችን እየከፈልን።»

ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ስለ ማሽን ሲወራ ቀልድ አይገባኝም። የሆነ ሆኖ የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ እሺ አልኩ። ከሁሉ በፊት ያሉኝን ፎቶዎችና ጽሑፎች በሙሉ ወደ አንድ የውጪ ዲስክ አስገለበጠኝ። «የምትወጂውን ሁሉ አውጪ፤ እዚህ የሚቀረው ይጠፋል» አለኝ። ከዚያ የመጨረሻዋን ቁልፍ እኔው እንድጫናት ማውሱን ሰጠኝ። አማተብኩና ተጫንኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ። ሥራ የምጀምርባት ከታች በግራ የነበረችው ምልክት የለችም። ፋይሎቼ አሉ፤ ግን ያሉበትን ሰፈር አላውቀውም። ፕሮግራም ልጨምር ስል የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል፤ ፕሪንተር ላገናኝ ስልም የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል። በገዛ ደጃፌ ላይ ማን ነሽ እየተባልኩ መዋል አንገሸገሸኝ። ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ ኪቦርድ የምቀይርባቸው ሁለት ቁልፎች አሁን ሌላ ሥራ ተሰጥቷቸዋል። እኔ ግን በልማድ ስጫናቸው አንዳች መስኮት ፊቴ ላይ ይደነቀራል። የአንድ ሰውዬን ማመልከቻ ግማሹን በአማርኛ ፊደል፣ ግማሹን ትርጉም በሌለው የላቲን ፊደል ጽፌ አትሜ ሰጠሁት። ሰውየው ማንበብ ስለማይችል አመስግኖኝ ወጣ። ሮጬ መንገድ ላይ ደረስኩበትና ቀማሁት።

ከሁሉ የባሰው የፎቶው ነገር ነበር። የድሮው ፕሮግራሜ ይህ ሲስተም ላይ አይሠራም ተብሎ ጎረቤቴ ሌላ ጫነልኝ። መቀሱ፣ ማጥፊያው፣ ብሩሹ ሁሉም አለ። የሚያደርጉት ግን እኔ የምላቸውን አይደለም።

«ከእጅ አይሻል ዶማ ነው ያመጣህብኝ» አልኩት።

«ታገሺ፤ ጣትሽ ይለምዳል።»

«ጣቴማ ለምዶ ነበር እኮ። አንተ ነህ ያስረሳኸው።»

ተቆጥቼ የተናገርኩት ይምሰል እንጂ ውስጤ ያለው ፍርሃት ነበር። በዚህ ዕድሜ ሥራ የማያውቅ ሰው መሆን ያስፈራል። ደንበኛ ከኋላዬ ቆሞ ሲጠብቅ የማውቀውን ምልክት ፍለጋ ስክሪኑን አስሳለሁ። ማንም እንዳያይብኝ ስል «ዛሬ ማሽኑ ደክሞታል» እላለሁ።

አዲሱ ሲስተም በገባ በሳምንቱ ገደማ፣ አንድ ቀን ቀትር ካለፈ በኋላ፣ አንዲት ወጣት ሴት በሩ ላይ ቆመች። ያ ሰዓት ከተማው ጸጥ የሚልበት ነው፤ ጫቱ ከማዕከላዊ ገበያ ወጥቶ በየሰፈሩ ከደረሰ በኋላ ወንዱ ሁሉ ወደ መቃሚያው ይገባል። ልጅቷ ፊቷን ፀሐይ አቃጥሎታል፤ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ድረስ አስራለች።

«እትዬ፣ ያስታውሱኛል?»

አላስታወስኳትም። ወደ የመንና ወደ ሳውዲ የሚሻገሩ የአገሬ ልጆች በዚህ ሰፈር ብዙ ያልፋሉ። ስማቸውን ሳልይዝ ውሃ ሰጥቻቸው ያልፋሉ።

«ከጓደኛዬ ጋር መጥተን ጉርድ ፎቶ አንስተውናል። ደላላው ወረቀት አወጣላችኋለሁ ብሎን ነበር።»

ወንበር ሰጠኋትና ተቀመጠች። ወረቀቱ ውሸት ነበር፤ ደላላው ስልካቸውን ተቀብሏቸው ጀልባ ላይ ጫናቸው። ጀልባዋ ከባሕር ዳር ብዙም ሳትርቅ ተገለበጠች። እሷን ዓሣ አጥማጆች አወጧት። ጓደኛዋ አልወጣችም፣ ሬሳዋም አልተገኘም። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ቀስ ብላ፣ ጉልበቷን እያየች ነው። አሁን ያለችው ተመላሾች በሚያድሩበት መጠለያ ሲሆን በማግስቱ ጠዋት ወደ አገሯ ይወስዷታል፤ ዛሬም ሳይመሽ እንድትመለስ ነግረዋታል።

«እናቷ መርዶውን ተረድታለች» አለች። «እሑድ ለቅሶ ይቀመጣሉ። ግን እትዬ፣ ምን ይዘው ያልቅሱ? ሬሳ የለ። ያለቻትን አንድ ቀሚስ ለብሳት ሄዳለች። ቤት ውስጥ ፎቶ የሚባል የላትም። እርስዎ ዘንድ ይኖር ይሆን ብዬ ነው የመጣሁት።»

በእኛ ወግ ሬሳ ያልተገኘ እንደሆነ ሰው የሚያለቅሰው በልብሱና በፎቶው ላይ ነው። ፎቶውን ከፍ አድርገው ይዘውት ይዞራሉ፤ አልቃሿ ለእሱ ትናገራለች፤ እናት እሱን ታቅፋለች። ምንም ከሌለ ለቅሶው ራሱ የት እንደሚያርፍ አያውቅም። እናትየዋና ወንድሟ፣ ማለት የሟቿ አጎት፣ ከወሎ ገጠር ወደ ከተማ ወርደው አንድ ፎቶ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እየጠበቁ ነበር። እኔ በስልክ የምልከውን እዚያው በትልቁ አሳትመው፣ የመጨረሻው መኪና ሳያመልጣቸው ወደ መንደራቸው ሊመለሱ ነው።

«አንድ ነገር ደግሞ እናቷ ለምናለች» አለች ልጅቷ። «ነጠላ አልብሰው ይላኩልኝ ብላለች።»

ገባኝ። እዚህ ግድግዳዬ ላይ አንድ ጥቁር የወንድ ኮት ተሰቅሏል፤ ጉርድ ፎቶ የሚነሳ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ እሱን ደርቦ ይነሳል። ሟቿም ያንን ኮት ነው የለበሰችው። እናት ልጇን በማታውቀው ሰው ኮት ውስጥ አይታ እንዴት ታልቅስ? እንዲህ ያለ ልመና ለእኔ አዲስ አይደለም። አስቀድሜ ቆርጬ ያስቀመጥኩት የነጠላ ምስል አለኝ፤ በድሮው ማሽን ቢሆን ሻዬ ሳይቀዘቅዝ የምጨርሰው ሥራ ነው።

አሁን ግን ባልለመድኩት ፕሮግራም ልሠራው አልደፈርኩም። ሌላ ፎቶ ቤት ልወስደው አሰብኩ፤ በዚህ ሰዓት የተከፈተ የለም። ጎረቤቴ ዘንድ ደወልኩ፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ጉንጩ በጫት ሲሞላ ጆሮው ይደፈናል ብዬ ተራገምኩና ዲስኩን ሰካሁ።

ፎቶዋን አገኘሁት። በስክሪኑ ላይ ስከፍተው ልጅቷ ከኋላዬ ትንፋሿን ሳበች። ሟቿ በጣም ከስታ ነበር። የጉንጯ አጥንት ወጥቷል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ያ ኮት ትከሻዋ ላይ እንደተሰቀለ እንጂ እንደተለበሰ አይመስልም። በበረሃው በእግራቸው ነበር የመጡት። ያኔ አስታወስኳት። የሰጠኋትን ውሃ ጠጥታ ስትጨርስ «ልሳቅ ወይ?» ብላኝ ነበር። ለጉርድ ፎቶ አይሳቅም ብያት አፏን ገጠመች። ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።

ነጠላውን ከፈትኩት፤ ለብቻው በሌላ መስኮት ወጣ። በልማዴ ጎትቼ ላመጣው ብል አልመጣም። ገልብጬ ስለጥፈው ከኮቱ ሥር ገባ። ወደ ላይ ላውጣው ስል ልጅቷ ራሷ ከነኮቷ ተንቀሳቀሰች፤ ነጠላው ባለበት ቀረ። ኮቱን ላጥፋ ብዬ አንገቷን አጠፋሁት። በንዴት ማውሱን ጠረጴዛው ላይ ሳጮኸው ያቺ ምስኪን ከወንበሯ ብድግ አለች። አፈርኩ። «ማሽኑን ነው የኔ ልጅ፣ ማሽኑን ነው» አልኳት።

አንድ ነገር ብቻ ሳይለወጥ ጠብቆኛል፤ ያበላሹትን መመለሻው ቁልፍ። እሱን እየተጫንኩ፣ እያጠፋሁ፣ እየመለስኩ፣ አዲስ እንደተቀጠረ ሰው እያንዳንዱን ምልክት እየነካሁ ሄድኩ። ስክሪኑ ጠርዝ ላይ በተደረደረው የምስሎች ዝርዝር ውስጥ ከላይ የተጻፈው በፎቶውም ላይ ከላይ እንደሚሆን ስደርስበት ነጠላው ከኮቱ በላይ ወጣ። ልጅቷ ወንበሯን አስጠግታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አንገቷ ላይ ዝቅ ያድርጉት፤ እንደሱ አይደለም የምትለብሰው» አለችኝ። «ጥለቱ በዚህ በኩል ይሁን። እንደሱ። አዎ፣ እንደሱ ነው።»

ኮቱ ጠፋ። ነጠላው ትከሻዋ ላይ በወጉ አረፈ። ለብዙ ቀን ያጣሁት ደስታ፣ በማይደሰቱበት ሰዓት፣ መጣብኝ። ለለቅሶ የሚሆን ትልቅ ፎቶ ስለሆነ ጫፉን ይዤ ገጹን እስኪሞላ ጎተትኩት፤ ሞላ። አስቀመጥኩት፤ ወደ ስልኬ አሻገርኩና ልጅቷ በሰጠችኝ ቁጥር ለአጎትየው ላክሁት። ወዲያው እንደደረሰው ታየኝ።

ለልጅቷም ማስታወሻ ይሁናት ብዬ አንድ አተምኩ። ወረቀቱን ተቀብላ ወደ በሩ ብርሃን አዙራ አየችው።

«እትዬ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይቺ ወፍራለች።»

ወረቀቱን ቀምቼ አየሁት። እውነቷን ነው። ጉንጯ ሰፍቷል፤ ከንፈሯ ተለጥጧል፤ አገጯ ክብ ሆኗል። በድሮው ፕሮግራም ጫፍ ይዘው ሲጎትቱ ፊት በመጠኑ ነው የሚያድገው፤ ሲሰፋ ይረዝማል። በዚህኛው ግን አንድ ቁልፍ አብረው ካልያዙ ወደ ጎተቱት ነው የሚሄደው። እኔ ወረቀቱን ልሞላ ብዬ ፊቷን ወደ ጎን ለጥጬዋለሁ። ዓይኔ ሁሉ ነጠላው ላይ ስለነበር ፊቷን አላየሁትም።

ይህን ያህል ዘመን የሰው ፊት ስሠራ ኖሬ፣ የሞተች ልጅ ፊት አበላሽቼ ለእናቷ ላክሁ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሞክሬ ያችን አገኘኋትና እንደገና ሠራሁት፤ አሁንስ ጉዱን አውቄዋለሁ። አጥንቷ የወጣው ያ ፊት፣ የራሷ ፊት፣ በነጠላው ውስጥ ተመልሶ መጣ። «የቅድሙን ተዉት፣ ትክክለኛው ይኸው» ብዬ ልልክ ስልኬን እንዳነሳሁ ጠራ። የአጎትየው ቁጥር ነው፤ ድምፁ ግን የሴት ነው።

«እታለም፣ ልጄን ፎቶ ያነሳሻት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እህቴ። እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳት። ስለ ፎቶው ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ እሷ ቀደመችኝ።

«ፊቷ ሞላ ብሏል» አለች።

ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ወዳለው የከሳ ፊት ሄደ።

«ከቤት ስትወጣ እንዲህ አልነበረችም። ያን ጊዜ እህል ጠፍቶብን አጥንቷ ነበር የቀረው። በበረሃ ርቧት፣ ጠምቷት፣ በባዶ ሆዷ ነው የሞተችብኝ እያልኩ ይኸው እህል በአፌ አልገባም። ለካ በልታለች። አየሽ ጉንጯን? ለካ የሚያጎርሳት ሰው አግኝታለች።» ድምጿ ተቆረጠና ተመልሶ መጣ። «አንቺ ነሽ ያጎረስሻት?»

ልጅቷ ሁሉንም ትሰማለች። ዞሬ አየኋት። በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ ራሷን ነቀነቀችልኝ፤ አይንገሯት ማለቷ ነው። በበረሃው አብራት የተራበችው እሷ ናት፣ የመናገርም የመተውም መብት ካለ የእሷ ነው ብዬ አሰብኩ። እኔ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ በቀር ለሟቿ የሰጠሁት ነገር አልነበረም።

«አዎ፣ እህቴ» አልኳት። «እዚህ ቤት በልታለች።»

«እሰይ» አለች። «እሰይ። እግዚአብሔር ቤትሽን ይሙላው።» ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ሸክም የቀለለው ሰው ልቅሶ ነበር፤ ወይም እኔ እንደዚያ እንዲሆንልኝ ፈልጌ ይሆናል። አጎትየው ስልኩን ተቀበላትና ፎቶ ቤቱ ማተም መጀመሩን፣ መኪናውም ገና እንዳልሄደ ነገረኝ። ሌላ የምልክላቸው ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። የለም አልኩት።

ስልኩን ዘጋሁ። ስክሪኑ ላይ ትክክለኛው ፎቶ እንደተከፈተ ነው። ልዘጋው ስል ማሽኑ ላስቀምጠው ወይስ ልተወው ብሎ ጠየቀኝ። ተወው ልለው እጄን ስዘረጋ ልጅቷ ክንዴን ያዘችኝ።

«አያጥፉት» አለች። «ለእኔ ይቺን ያትሙልኝ። እኔ የማውቃት ይቺን ነው።»

አተምኩላት። የሰፋውንና የከሳውን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አየቻቸው። ከዚያ የሰፋውን በፕላስቲክ ከረጢቷ ውስጥ ከላይ አደረገችው፤ የከሳውን ግን አጥፋ ከቀሚሷ ሥር፣ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«እናቷ ቤት ስደርስ ያኛውን ይዤ አለቅሳለሁ» አለችኝ። «ይቺን ለማንም አላሳይም።»